ፍሬን በጣሹ

ጋሽ ልሳነወርቅ የሞቱ ዕለት በእድራችን የስልክ ግሩፕ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «ከእድር የተሰረዙት ሰውዬ አይደሉም እንዴ? ደንቡ ምን ይላል?» የሚል ነበር። ከሥሩ አንዱ አውራ ጣት ለጠፈበት። ሌላው «የትኛው? ፍሬን በጣሹ?» ብሎ ጠየቀ። ሦስተኛው የሚስቅ ፊት ላከና ወዲያው አጠፋው፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ፣ ማን እንደሆነም አውቃለሁ። «ነፍስ ይማር» ዘግይቶ መጣ፤ እሱንም የላኩት አባ ናቸው፤ ሥራቸው ስለሆነ።

ጋሽ ልሳኑ ከሚስታቸው ጎን መቀበር ይፈልጉ ነበር። ሌላ ምኞት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ አስቴር ያረፉት እድራችን በያዘው የመቃብር ቦታ ላይ ነው፤ ከጎናቸው ለአንድ ሰው የሚሆን መሬት ተትቷል። መሬቱ የእድሩ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከእድሩ ተባረዋል። ያለ መኖሪያ ወረቀት ናይሮቢ ውስጥ መኖር ይቻላል፤ ስንቱ ይኖራል። ያለ እድር መሞት ግን አይቻልም። ያን ቀን ስልኬን ይዤ የተንገበገብኩት ለዚህ ነው። እስካሁንም አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

የማውቃቸው ከሥራ ነው። ዌስትላንድስ ካለ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የትርጉም ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ዓመታት ሠርተናል። እሳቸው ኃላፊ፣ እኔ ጀማሪ። ስማቸው ልሳነወርቅ ይሁን እንጂ ልሳናቸው ወርቅ ሳይሆን ምላጭ ነበር። የተረጎምኩትን ወረቀት ያነቡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በብዕራቸው ክዳን ጠረጴዛውን ቆርቆር ያደርጋሉ።

«ማነው እንዲህ ብሎ የሚናገረው? እናትሽ?»

«እናቴ እንዲህ አትልም።»

«እንግዲያው ለምን የሰው አነጋገር አታስመስይውም?»

ስንት ጊዜ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ! ደግ ሰው ነበሩ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም፤ ቢሰሙኝም «ደግ የሚለውን ማን አስገባው?» ይሉኝ ነበር። ሰውን ማስቀየም አይከብዳቸውም። ይቅርታ ሲጠይቁም አላየሁም። ግን የተሳሳተ ቃል እያዩ ዝም ማለት አይችሉም ነበር፤ ሌላው ሰው ድንጋይ ጫማው ውስጥ ገብቶ መራመድ እንደማይችለው።

አንድ ጊዜ ስለ ውሃ ማጥሪያ እንክብሎች የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት ደረሰን። እንክብሎቹ ባልዲ ውስጥ ተጨምረው ውሃ የሚያክሙ ናቸው። እኔ «የውሃ ክኒን» ብዬ ተረጎምኩት። አጭር ነው፣ ሰው ሁሉ ይረዳዋል ብዬ። ጋሽ ልሳኑ ወረቀቱን ያዙት። ማተሚያ ቤት ይጠብቃል፣ አለቆቹ ይደውላሉ፣ እሳቸው ፊርማዬን አላሳርፍም አሉ።

«ክኒን ምን ይደረጋል?» አሉኝ።

«ይዋጣል።»

«ታዲያ ልጇ የታመመባት እናት ምን የምታደርግ ይመስልሻል? ባልዲ የምትፈልግ ይመስልሻል?» ብለው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ስሚ አንቺ ልጅ። ቃል ሲሳሳት እጅ ይከተላል።»

ወረቀቱ ዘግይቶ ታተመ። አለቆቹ ተቆጡ። ማንም እንክብል አልዋጠም፤ ማንም ስላልዋጠ ደግሞ ማንም አላመሰገናቸውም። ያኔ የገባኝ መስሎኝ ነበር። በደንብ የገባኝ ግን እማሆይ በቆመችበት የሰርግ ዕለት ነው።

እማሆይ ሰው አይደለችም፤ የእድራችን መኪና ናት። ጥቁር፣ ረጅም፣ ወንበሯ ብዙ የሆነ አሮጌ የፈረንሳይ መኪና። ቀለሟ ጥቁር፣ አካሄዷ ቀስ ያለ፣ ብዙ ጊዜም የምትሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መቃብር ስለሆነ እማሆይ አልናት። የተገዛችው በጋሽ ልሳኑ ንትርክ ነው። እትዬ አስቴር ሲያርፉ አስከሬናቸው የሄደው ጎመን ሲያመላልስ በዋለ ፒክአፕ ነበር፤ ቅጠሉ ሳይጠረግ። ጋሽ ልሳኑ ከቀብሩ ተመልሰው እድሩን «ሌላ ሰው ከጎመን ጋር አይሄድም» ብለው ቁም ስቅሉን አሳዩት። መኪናዋ ስትገዛም ሹፌሯ እሳቸው ሆኑ። ከዚያ በኋላ የየቤታችንን ሬሳ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። የእናቴንም።

እማሆይን የሚይዟት እንደ መጽሐፍ ነበር። ከመንዳታቸው በፊት ሁልጊዜ ኮፈኗን ይከፍታሉ። ከእሷ ጋር የመጣውን የፈረንሳይኛ መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል፤ የሚያወሩትም ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ ፍሬኑ ነው። «ያልተነሳ መኪና ሰው አይገድልም፤ ያልቆመ ነው የሚገድለው» ይሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ይዘውኝ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ኪሪንያጋ መንገድ ሄድን። ሻጩ ገና ሲያያቸው «ምዜ፣ ማፉታ ያ ብሬክ?» አላቸው። ስዋሂሊውም እንደኛው ነው፤ አባባ፣ የፍሬን ዘይት ነው? ማለቱ ነው።

«ሲዮ ማፉታ!» ብለው ጮሁበት። ዘይት አይደለም!

ሻጩ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ጣሪያው።

እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ያስረዱኝ ጀመር፤ ሰልፉ ከኋላችን እየረዘመ። «ዘይት ውሃን ይሸሻል አይደል? ይሄ ግን ውሃ ይጠጣል። ክዳኑን ከፍተሽ ካስቀመጥሽው ከአየሩ እርጥበት ይስብና ይበላሻል። ውሃ የሚጠጣ ነገር እንዴት ዘይት ይባላል? ጣልያን ፍሬን የሚለውን ቃል ሰጠን፣ ዘይቱን ከየት እንዳመጣነው እግዜር ይወቅ።»

«ታዲያ ምን እንበለው?»

ባንኮኒውን በጣታቸው ቆርቆር አደረጉ። የቃል ሰው ቃል ሲያጥረው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ፈሳሽ በይው» አሉኝ በመጨረሻ ቅር እያላቸው። «አያምርም። ግን አይዋሽም።»

ሻጩ ዶት አምስት የሚል የደረጃ ቁጥር የተጻፈበት ጠርሙስ አቀረበ። «ሂ ንዲዮ ምፕያ» አለ፤ አዲሱ ይሄ ነው ማለቱ ነው። ጋሽ ልሳኑ በአንድ ጣት ገፉት። የእማሆይ መጽሐፍ አራት ይላል። ሦስት ቢሆን ቶሎ ይፈላል፤ ለዳገትና ቁልቁለት አይሆንም። አምስት ደግሞ ተፈጥሮው ሌላ ነው፤ ከነበረው ጋር አይቀላቀልም። «አምስት ነጥብ አንድ የሚባል አለልሽ፤ እሱ የአራት ዘመድ ነው። አምስትና አምስት ነጥብ አንድ ግን በስም ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። አየሽ አንዲት ነጥብ?» አሉና ፈገግ አሉ። ነጥብ ደስ ይላቸዋል። ያልተከፈተ፣ ክዳኑ የታሸገ ዶት አራት ይዘን ወጣን። የተከፈተ ጠርሙስ እንዲወስዱ ቢነገራቸው የሰው የጥርስ ብሩሽ እንደተሰጠው ሰው ነበር የሚያዩት።

አሁን ወደ ፍስሐ እመጣለሁ። ፍስሐ የእድራችን ሰብሳቢ ነው፤ ፓርክላንድስ ምግብ ቤት አለው። ፊት ለፊት ጋሼ እያልኩ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አንተ ብዬዋለሁ፤ ቅር ካለው ይምጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ለጋስ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ሰው ይወደዋል። ፍስሐ ሲናገር ሁሉም ይስቃል፤ ጋሽ ልሳኑ ሲናገሩ ሁሉም ሰዓቱን ያያል። በስብሰባ ላይ ሁሉን ነገር «ቆይ፣ ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?» እያሉ ስለሚያስቆሙ «ጋሽ ፍሬን» ያላቸው ፍስሐ ነው። በጣሹ የተጨመረበት በኋላ ነው።

ፍስሐ ልጁን ሶስናን ሲድር ድግሱ ናይቫሻ ሐይቅ ዳር ነበር። ወደዚያ ለመውረድ የስምጥ ሸለቆውን ቁልቁለት መውረድ ግድ ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌሮች ሳይቀሩ የሚያማትቡበት መንገድ። ከአዲስ አበባ የመጡት የፍስሐ እናት እማማ ጽጌና ሌሎች አሮጊቶች በእማሆይ እንዲሄዱ ተወሰነ። የሚነዱት ጋሽ ልሳኑ ናቸው። እኔ እማማ ጽጌን እንድደግፍ አብሬ እንድሄድ ተባለ። እማማ ጽጌ አገር አቋርጠው የመጡት ለአንድ ነገር ነው፤ የልጅ ልጃቸው ጉልበታቸውን ስማ፣ እሳቸው ሊመርቋት። ከዚያ በኋላ ብሞትም አይቆጨኝ ይሉ ነበር።

በሰርጉ ጠዋት ምግብ ቤቱ ግቢ ውስጥ አሮጊቶቹ ገብተው ተቀምጠዋል። ጋሽ ልሳኑ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው መጡና እንደ ልማዳቸው ኮፈኑን ከፈቱ። የፍሬኑን ፈሳሽ መያዣ ክዳን ፈቱት። ክዳኑ ውስጥ ያለው ጎማ አብጦ ተገልብጦ ወጣ። ጣታቸውን ነከሩ፣ አሹት፣ አሸተቱት።

«ማነው እዚህ ውስጥ የገባው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ፍስሐ፣ ከረቫቱን እያስተካከለ። «ትናንት ጠዋት ቀይ መብራት አበራች። ባየው ፍሬን ዘይት ጎድሏል። ለጀነሬተሩ የገዛሁት አዲስ ዘይት ነበረኝ፤ ሞላሁባት። ምነው?»

«የጀነሬተር ዘይት?»

«ዘይት ነዋ! ፍሬን ዘይት አይደል የሚባለው? ዘይት ጎደለ፣ ዘይት ጨመርኩ።»

ጋሽ ልሳኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ፊት ከቢሮ አውቀዋለሁ። «ፍስሐ፣ ይህቺ መኪና ዛሬ አትሄድም።»

«ቀልድህን ተው። ትናንት ነድቻታለሁ። ትይዛለች።»

«እዚህ ትይዛለች። ፍሬኑ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች፣ ትንንሾቹ ጎማዎች፣ ዘይት አይችሉም፤ ይጠጡትና ያብጣሉ፣ ይላሽቃሉ። ቁልቁለቱ ላይ ደጋግመህ ስትረግጥ ወይ ጎማውን ቆልፋ ትገለብጥሃለች፣ ወይ እግርህ ወለል ይነካል። ሌላ መኪና ፈልግ።»

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የሰርግ ቀን። የተከራየነው አውቶቡስ ሌላውን እንግዳ ጭኖ ሄዷል። የፍስሐ ስልክ ጮኸ፤ ሶስና ናት፤ ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጋት። «ባባ፣ ሾሾ የት ደረሰች? ኤቭሪዋን እየጠበቀ ነው! ሃራካ!» ሾሾ የምትለው አያቷን ነው፤ ሃራካ ደግሞ ቶሎ በሉ ማለቷ። ፍስሐ «እየመጣን ነው የኔ ቆንጆ» አላትና ወደ ጋሽ ልሳኑ ዞረ። ሳቁ ጠፍቷል።

«የዘይት ስም አልወደድከውም ብዬ እናቴን ከልጄ ሰርግ አላስቀርም። ቁልፉን አምጣ።»

«አልሰጥም።»

«ትርፍ ቁልፍ አለኝ» አለና ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉም ሰው ያወራዋል፤ ቆሜ ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ጋሽ ልሳኑ ወደ ወጥ ቤቱ ገቡና ሽንኩርት የሚከተፍበትን ትልቁን ቢላዋ ይዘው ወጡ። ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። እማማ ጽጌ በመስኮት አይተዋቸው ደነገጡ።

«ልጄ፣ ቢላዋውን ምን ልታደርገው ነው?»

«ለእርስዎ ነው እማማ» አሉ ጋሽ ልሳኑ። ስለ እርስዎ ብዬ ነው ማለታቸው ነው። የቃል ሰው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰውን ቃል ሲያርሙ የኖሩ፣ በዚያች ሰዓት አንዷን ቃል አበላሿት። በማግስቱ ከተማው ሁሉ «ቢላዋ ይዞ አሮጊቷን ‹ላንቺ ነው› አላቸው» ሲል ነበር።

የፊቱ ጎማ አጠገብ በነጭ ሸሚዛቸው ተኙ። ወደ ጎማው የሚሄደውን የፍሬን ቱቦ ይዘው ገዘገዙት። ጎማው ጠንካራ ነው፤ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ቆረጡት፣ ዘይቱም ፈሳሹም ተቀላቅሎ በሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። ፍስሐ ትርፍ ቁልፉን ይዞ ሲወጣ እሳቸው እየተነሱ ነበር።

«አሁን ማንም አይነዳትም» አሉ።

ፍስሐ በጥፊ መታቸው። አልመለሱም። መነጽራቸውን ከመሬት አንስተው በሸሚዛቸው ሊወለውሉ ሞከሩ፤ ሸሚዙ ዘይት ስለነበር መነጽሩ ባሰበት።

ማታቱ፣ የከተማው ሚኒባስ ታክሲ፣ በኮንትራት እስኪገኝ ረፋዱ አለፈ፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ መንገዱ ተዘጋግቶ ጠበቀን። ናይቫሻ ስንደርስ ምርቃቱ ተፈጽሟል፣ ኬኩ ተቆርጧል፣ ሶስና የእራት ልብሷን ለብሳለች። እማማ ጽጌ ልጅቷን ከተሰብሳቢው መሀል አቅፈው መረቁ፤ ሙዚቃው ጮኾ ስለነበር ግን የሰማቸው የለም። አዲስ አበባ ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ፍስሐ ያቺን ጉልበት የመሳም ፎቶ ሳያገኝ ቀረ፤ ለዚያ ማልቀሱን አልነቅፈውም። እውነተኛ ሐዘን ነው። ሐዘኑን በጋሽ ልሳኑ ላይ መጫኑን ግን እነቅፋለሁ።

ምክንያቱም ፍስሐ እውነቱን ያውቅ ነበር። እማሆይን ወደ ምዋንጊ ጋራዥ ስናስጎትት አብረን ነበርን። ምዋንጊ ፍሬኑን ፈታትቶ ጎሚኒዎቹን መዳፉ ላይ አስቀመጠና «ዚሜፉራ ካማ ማንዳዚ» አለ። እንደ ማንዳዚ፣ እንደ ቦንቦሊኖ ተነፍተዋል። እውነትም በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ይመስሉ ነበር፤ ጫን ሲያደርጋቸው ይሰረጉዳሉ። «በዚህ ወደ ናይቫሻ ልትወርዱ ነበር? ፖሌ ሳና» ብሎ፣ አይዟችሁ እንደማለት፣ ራሱን ነቀነቀ። ፍስሐ አንዱን አንስቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጣለውና እጁን ጠረገ።

«የሆነው ሆኗል» አለኝ በመኪናው ስንመለስ። «ይሄንን ወሬ ማራገብ ለማንም አይጠቅምም።»

አራገብኩት እንጂ! የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ጎሚኒውን፣ ማንዳዚውን፣ ምዋንጊን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። አንዱ ሽማግሌ በትዕግሥት አዳምጠው «ልጄ፣ የሞተ ሰው አለ?» አሉኝ።

«የለም፣ ምክንያቱም...»

«የቆሰለስ?»

«የለም።»

«እንግዲያውስ» አሉና ተቀመጡ። ያልደረሰ አደጋ ምን ምስክር አለው? ያኔ መኪናዋ ገደል ገብታ ቢሆን ጋሽ ልሳኑ ነቢይ ይባሉ ነበር። ሰዎቹን አተረፏቸው፤ የተረፈው ሰው ደግሞ ለምን ሰርግ እንዳመለጠው ይጠይቃል።

ክሱ ተነበበ። «የእድሩን መኪና ፍሬን በመበጠስ» ይላል። መልስ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ጋሽ ልሳኑ ተነሱ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። አሁንስ ያስረዷቸዋል አልኩ።

«አልበጠስኩም» አሉ። «ፍሬን የሚበጠሰው በራሱ ነው፤ ሹፌሩ ሳያስበው። እኔ ቆረጥኩ። አስቤ ነው የቆረጥኩት። ቆረጠ ብላችሁ አርሙት።»

ተቀመጡ። አዳራሹ አጉረመረመ። አንዱ «አምኗል!» አለ። እጅ ተነሳ፤ ከእድሩ ተሰረዙ። ክሱ ግን ሳይታረም ቀረ፤ በየቦታው የሚወራው ፍሬን በጠሰ ተብሎ ነው፤ አበደ ለማለትም፣ ሰው ሊገድል ነበር ለማለትም እኩል ያገለግላል።

ውጭ ቆመው ሲጠብቁኝ ተናደድኩባቸው። «ምን ነበር ዘይቱን ብቻ ቢነግሯቸው! ቃሉ ይቅርብዎ ነበር!»

«ቃሉን ከተውኩማ ምን ነገርኳቸው?» አሉኝ። ከዚያ ሳውዝ ሲ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በለቅሶ ቤት ለብቻቸው ይቀመጡ ጀመር። ይመጣሉ፣ ከዳር ይቀመጣሉ፣ ማንም አጠገባቸው አይሆንም፤ ተነስተው ይሄዳሉ። ይባስ ብሎ መምጣታቸው ሰዎቹን ያናድዳል። በየዝናቡ ማብቂያ ግን ቢሮ ቦርሳቸው ውስጥ ክዳኑ የታሸገ ጠርሙስ አያለሁ። ዶት አራት። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ለእማሆይ ነው» አሉ። ፍስሐ መኪናዋን ለሰርቪስ ወደ ምዋንጊ ሲልክ፣ ምዋንጊ ይደውልላቸዋል። ሄደው ቆመው አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሲሞላ ያያሉ። ጎሚኒዎቹንም እሳቸው ናቸው ያስቀየሩት።

«ከባረሩዎት በኋላ? ለእነዚህ ሰዎች?»

«ከእድሩ ነው የሰረዙኝ» አሉ ወረቀታቸውን እያገላበጡ። «ከመኪናዋ አይደለም። ደግሞስ አንቺም ትሳፈሪባት የለ?»

ሲሞቱ ጎረቤት ነው ያገኛቸው፤ ወንበራቸው ላይ፣ ቀይ ብዕር በእጃቸው። እኔ አባን ደጅ ጠናሁ፤ አባ ደግሞ ፍስሐን ለመኑት። ፍስሐ ትልቅ ሰው ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ያምርበታል። የሽማግሌዎቹ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ውሳኔው በግሩፑ ላይ ተላከ። «ወንድማችንን ይቅር ብለን በሚስታቸው ጎን እንዲያርፉ ፈቅደናል።» ከሥሩ የሚያለቅስ ፊትና የተጣጠፈ እጅ ጎረፈ። ይቅር ብለን! ደጋግሜ አነበብኩት። ጋሽ ልሳኑ ቢኖሩ መነጽራቸውን ሰቅለው «ማነው ማንን?» ይሉ ነበር።

የሚነዳ ሰው ስላልተገኘ ፍስሐ ራሱ እማሆይን ነዳ። አባ ከፊት ተቀመጡ። የመካከለኛው ወንበር ግማሹ ታጥፎ ሳጥኑ ገባ፣ እኔ በቀረው ቦታ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን ሙዚየሙ ጋ ያለውን ቁልቁለት ስንወርድ አንድ ማታቱ፣ ሙዚቃውን እያስጮኸ፣ ከቀኝ ዘው ብሎ ፊታችን ገባና ቀጥ ብሎ ቆመ። ፍስሐ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። አባ «እግዚኦ!» አሉ። ሳጥኑ ጥቂት ወደፊት ተንሸራቶ ክንዴን ጫነው። እማሆይ ቀጥ ብላ፣ ሳትንሸራተት፣ ከማታቱ ኋላ ሁለት ጣት ሲቀራት ቆመች።

ከዚያ ፍስሐ ትንፋሹን ለቀቀና መሪዋን መታ መታ አደረጋት።

«አያችሁ?» አለ። ድምፁ ኩራት ነበረው። «አሮጌ ብትሆንም ፍሬኗ እንዴት ይይዛል! ከዚያ ጊዜ ወዲህ እኮ ጠብታ የፍሬን ዘይት ጨምሬባት አላውቅም።»

«ዘይት አይደለም» አልኩ።

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «ምን አልሽ?»

«ዘይት አይደለም።»